ወንድሜ ሊቀመንበሩና የኔዘርቢ ድልድይ

እኔ እንግዲህ ድምፄ ትልቅ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ዋና ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከገንዳው ዳር ቆሜ «እግርህን ምታ!» የምለው ልጅ እኮ ጆሮው ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዊኒፍሬድ በካውንቲው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ጮኸች ተብሎ በመንደሩ የተወራው ውሸት አይደለም። ጮኼያለሁ። ግን ለምን እንደጮህኩ መጀመሪያ ስሙኝና ከዚያ ፍረዱ።

ነገሩ የድልድይ ነው። ድልድይ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከመንደራችን ከኔዘርቢ ጀርባ ባለችው ወንዝ ላይ የተጋደመች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታሳልፍ የእንጨት መሻገሪያ ናት። ከወዲህ በኩል የእህቴ የሙሪየል ባል ራልፍ ይኖራል። ከወዲያ በኩል ሙሪየል ያለችበት የአረጋውያን መጦሪያ አለ። ሙሪየል ታላቃችን ናት፤ ነገር መርሳት ከጀመረች ቆየች። እኔን አንዳንዴ እናታችን ታደርገኛለች፣ አንዳንዴ ደግሞ የፖስታ ቤቷን ሴትዮ። የራልፍን ስም ረስታዋለች፣ እጁን ግን አልረሳችውም። ምሳዋን የምትበላው እሱ ሲያጎርሳት ብቻ ነው። ሌላ ሰው ማንኪያ ሲያቀርብላት አፏን ግጥም አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የመጦሪያው ልጆች ደጎች ናቸው፤ ያባብሏታል፣ ይዘፍኑላታል፣ ወይ ፍንክች! ራልፍ ወተት ውስጥ የበሰለ ሩዙን በፔርሙዝ ይዞ፣ ማርማላታ ጠብ አድርጎበት ሲመጣ ግን እንደ ወፍ ጫጩት አፏን ትከፍታለች።

ታዲያ ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ራልፍ ፔርሙዙን ይዞ ሲሄድ ድልድዩ በሁለቱም በኩል በብረት አጥር ተዘግቶ አገኘው። ቢጫ ማስታወቂያ ተንጠልጥሎበታል፤ «ለደኅንነትዎ ሲባል ለጊዜው ተዘግቷል» ይላል። ለደኅንነትዎ! ሦስት ሳንቃ በስብሶ ነው እኮ። የመንደራችን አናጢ ባሪ አጎንብሶ አየና «ይሄንንማ ሻዬ ሳይበርድ እጨርሰዋለሁ» አለ። ደወልን፣ ጠየቅን። አይቻልም! ባሪ ሚስማር መትቶ ሰው ቢወድቅ ተጠያቂው ማን ነው? ኢንሹራንሱስ? የፍተሻ ወረቀቱስ? ባሪ መዶሻውን ይዞ ተመለሰ፣ ሳንቃዎቹም መበስበሳቸውን ቀጠሉ።

ዞሮ መሄድ አይቻልም ወይ ትሉኛላችሁ። የመኪናው መንገድ የትየለሌ ነው፤ የእግረኛ ጠርዝ የለውም፣ የእህል መኪና ይበርበታል። አውቶቡሱን ካውንቲው ራሱ ካስቀረው ቆይቷል። ራልፍ በዕድሜው መሪ ጨብጦ አያውቅም። እኔም ዓይኔ ላይ ሞራ ከወጣ ወዲህ መንጃ ፈቃዴን መልሻለሁ። በመንደሩ አንድ ታክሲ አለ፤ እሱን ደግሞ ካውንቲው ለተማሪ ማመላለሻ ተኮናትሮታል። እንግዲህ ጎረቤት ሲመቸው ራልፍን ያደርሰዋል፣ ሳይመቸው ራልፍ ይቀራል። ራልፍ በቀረ ቀን ሙሪየል አትበላም። የብርዱ ወራት ሳይጋመስ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገረ ልጆቹ በክር አድርገው አንገቷ ላይ አሰሩላት።

በሉ እንግዲህ የስልኩን ነገር ልንገራችሁ። እኛ አገር ምክር ቤት እንደ ሽንኩርት ነው፤ የመንደር አለ፣ የወረዳ አለ፣ ከሁሉም በላይ የካውንቲ አለ፤ ብትልጪው ብትልጪው አያልቅም፣ የሚተርፍሽ እንባ ነው። መጀመሪያ ወረዳው ምክር ቤት ደወልኩ።

«እመቤት፣ እኛ የቆሻሻ ገንዳና የቤት ግንባታ ፈቃድ ነን» አለችኝ አንዷ። «መንገድና ድልድይ የካውንቲው ነው።»

ካውንቲው ምክር ቤት ደወልኩ። ሙዚቃ ከፈቱልኝ። ሻይ አፍልቼ ጠጥቼ ኩባያውን ካጠብኩ በኋላ አንድ ወጣት አነሳ።

«አዎ፣ ድልድዩ የእኛ ነው» አለ።

«እሰይ! በላ ጠግኑት!»

«የዘጋው ግን የፍተሻ ክፍሉ ነው። እኔ የፍተሻ ክፍሉ ነኝ። ጥገና ሌላ ክፍል ነው፣ እሱም በተራ ነው።»

«ተራችን መቼ ነው?»

«የተራው አወጣጥ እየተጠና ነው።»

አበስኩ ገበርኩ! ተራ የለም፣ የተራ ጥናት ግን አለ። እሺ ብዬ ወደ ራሳችን ወደ መንደሩ ምክር ቤት ሄድኩ። እነሱ እንኳ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ድልድዩን ረግጠው ያውቁታል። በአዳራሹ ተሰብስበው መጀመሪያ ስለ ውሻ እዳሪ ተከራከሩ፣ ቀጥሎም ስለ መቃብሩ ሣር፣ ከዚያ ስለ ውሻ እዳሪ እንደገና። በመጨረሻ የድልድዩ ነገር ተነሳና «ጥልቅ ስጋታችንን ለካውንቲው እንገልጻለን» ብለው በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። በሙሉ ድምፅ! ጥልቅ ስጋት አይበላ፣ አይጎረስ! ሥልጣናቸው አግዳሚ ወንበር መቀባት ድረስ ነው፣ ምን ያድርጉ።

አሁን ደግሞ የባሰው አለ። የካውንቲው ምክር ቤት ሊቀመንበር የገዛ ወንድሜ ነው።

ክሊፎርድ የቤታችን መጨረሻ ልጅ ነው። ከካውንቲው ወዲያኛው ጫፍ፣ ባሕሩ አጠገብ ይኖራል፤ ከየትኛውም ፓርቲ ሳይሆን በግሉ ተወዳድሮ ነው የተመረጠው። ዘንድሮ ሁለቱ ወገኖች ሊቀመንበር በማዕረግ አንገቱ ላይ የሚያጠልቀውን ሰንሰለት አንዱ ለሌላው አልለቅም ብለው ሲጓተቱ፣ ማንንም የማያስፈራ ሰው ተፈለገና ክሊፎርድ ተገኘ። ሲመርጡት አለቀስኩ። ለካ በከንቱ ነው ያለቀስኩት።

ከገና በፊት ባለው እሑድ ቤቴ መጣ። ራልፍን በመኪናው ሙሪየል ዘንድ አድርሶ፣ ምሳዋን ካበላት በኋላ ይዞት ተመልሶ፣ አብረን ለጥብስ ተቀመጥን። ማታ የገና ገበያ ስለሚከፍት ሰንሰለቱን ከነሳጥኑ ይዞታል፤ ወንበር ላይ እንደ እንግዳ አስቀመጠው።

«አንተ» አልኩት፣ «የካውንቲው አለቃ አይደለህም እንዴ? አንድ ስልክ ደውልና ሦስት ሳንቃ አስመታልን!»

«ዊኒ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ። ሊቀመንበር ነኝ እንጂ አለቃ አይደለሁም።»

«ልዩነቱን አስረዳኛ!»

ሹካውን አነሳና ሳህኑ ላይ ያለውን ድንች ያሰልፍ ጀመር። «ይሄ ትልቁ ድንች መሪዋ ናት፤ ወይዘሮ ጊሊያን ፕራት። ብዙ ወንበር ያለው ፓርቲ መረጣት። እሷ ደግሞ እነዚህን ትንንሾቹን መርጣ ካቢኔ አደረገቻቸው። አንዱ ትምህርት ይዟል፣ አንዱ አረጋውያን፣ ይሄኛው መንገድና ድልድይ። የሚወስኑት እነሱ ናቸው። መረቁ ሠራተኛው ነው፤ ሁሉም ዘንድ ይደርሳል።»

«አተሩስ?»

«አተሩ የቀሩት ተመራጮች ናቸው። ይጠይቃሉ፣ ይቆጣሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ከሳህኑ ዳር ይንከባለላሉ።»

«አንተስ የቱ ነህ?»

ሳህኑን አየት አደረገ። «እኔ ሳህኑ ላይ የተሳለው አበባ ነኝ» አለ። «ስብሰባውን እመራለሁ፣ ሥነ ሥርዓት አስከብራለሁ፣ ሪባን እቆርጣለሁ። አፌን ግን እይዛለሁ።»

ሹካዬን ሰድጄ ወይዘሮ ፕራትን ከሳህኑ ላይ ወጋኋትና ሁለት ጊዜ አላምጬ ዋጥኳት። ክሊፎርድ ሳቀ። ራልፍ አልሳቀም፤ የራሱን ሳህን አልነካውም ነበር።

«ነገ ማን ይወስደኛል?» አለ።

ክሊፎርድ የቀሩትን ድንቾች በሹካው ወደ ሳህኑ ዳር ገፋቸው።

ጥር ላይ ጭራሽ ጉድ መጣ። ካቢኔው «ትርፍ ናቸው» ያላቸውን ድልድዮች ከነጭራሹ ለማንሳት አሰበ፤ የእኛዋም አለችበት። መጠገን ቀርቶ መንቀል! ክሊፎርድ ማታ ደወለልኝ።

«ስሚኝ» አለ። «የካቢኔው ዕቅድ ከዓመቱ በጀት ጋር ነው የሚቀርበው። በጀት ደግሞ ሙሉው ምክር ቤት ካልመረጠ አያልፍም። በዓመት አንድ ቀን አተሮቹ ሥልጣን አላቸው። የካቲት ላይ ተቃዋሚዎቹ ድልድዮቹ ይጠገኑ የሚል ማሻሻያ ያቀርባሉ።»

«ያሸንፋሉ?»

«ሠላሳ አንድ ከዚህ፣ ተቃዋሚዎቹ ተደምረው ሠላሳ አንድ ከዚያ ነው። ሊቀመንበር መጀመሪያ ድምፅ አይሰጥም። እኩል ሲሆን ግን ወሳኙን ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው።»

«ክሊፎርድ! አንተ ማለት ነው እኮ!» ስልኩን ይዤ ተነሳሁ። «ወንድም ዓለም! ተገላገልን በለኛ!»

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። ክሊፎርድ ጉሮሮውን ሲጠርግ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኖ የሰው መስኮት ሲሰብርም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።

«ዊኒ፣ ልማድ አለ» አለ። «ድምፅ እኩል ሲሆን ሊቀመንበር ነገሩን እንደቀረበ ይተወዋል። ምክር ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ሳለ ወንበሩ ላይ ያለ ሰው ብቻውን ዕቅድ አይለውጥም። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ እንዲህ ነው ያደረጉት።»

«እንደቀረበ ማለት?»

«ማሻሻያው ይወድቃል ማለት ነው።»

«በሕግ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም። ልማድ ነው።»

«ልማድ? እህትህ ቀለበቷን አንገቷ ላይ አስራ አንተ ልማድ ትለኛለህ?»

«ዛሬ እኔ ለእህቴ ብዬ ብጥሰው፣ ነገ ሌላው ለወንድሙ ሱቅ ብሎ ይጥሰዋል። ከዚያ ያ ወንበር የማን ነው?»

«እናታችን ሥራ ስትውል ጡጦ ያጠባችህ እሷ ናት! አዝላህ ነው ያሳደገችህ!»

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ ሰንሰለትህን ታቅፈህ እደር!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲያ አላነጋገርኩትም። ደወለ፣ አላነሳሁም። ራልፍ «ተይው፣ እሱም ጨንቆት ነው» ይለኛል። ራልፍ እንደዚያ ነው፤ ለድንጋይም ያዝናል።

የስብሰባው ዕለት ባሪ በአናጢ መኪናው ወሰደን። ራልፍ ከልማድ ይሁን ከተስፋ እንጃ፣ ፔርሙዙን ይዞ ነበር። ከላይ ሕዝብ የሚቀመጥበት ሰገነት ላይ ከፊት ተቀመጥን። ክሊፎርድ ዓይኔን እንዲያይ ፈልጌ ነበር። በእህቱ ላይ ሲፈርድ እያየሁት ይፍረድ ብዬ ነው።

ሲገባ ሁሉም ተነሱ። አንገቱ ላይ ሰንሰለቱ ያብለጨልጫል፤ አጠገቡ ምክትሏ ወይዘሮ ዳፍኒ ኮርቤት ተቀመጠች። ይቺ ሴት የወይዘሮ ፕራት ፓርቲ ናት፤ ከሁሉም ይልቅ ግን የሥርዓት ሰው ናት። አንድ ተመራጭ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሲያንጠለጥል እስኪለብሰው ድረስ በመነጽሯ አሻግራ አየችው። መሪዋ ወይዘሮ ፕራት ፊት ለፊት ከካቢኔዋ ጋር ተዝናንታ ተቀምጣለች። ልማዱን ታውቃለች፣ ክሊፎርድንም ታውቃለች። አሳቧን ሁሉ ጥላ ነው የመጣችው።

ወሬው ደግሞ ማለቂያ የለው! አንዱ ይነሳና «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ይላል፣ ከዚያ ይሳደባል። ሌላው ይነሳና «ከዚያ በበለጠ አክብሮት» ይላል፣ የባሰ ይሳደባል። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት፣ ስለ መንገድ ጉድጓድ፤ እኔ እንደሆንኩ ወንበሩ ቂጤን አደንዝዞታል። ራልፍ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያል። የምሳ ሰዓቷ እያለፈ ነበር።

በስተመጨረሻ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ቆመና ማሻሻያውን አቀረበ። ስለ ድልድዮቹ፣ ስለ ኔዘርቢም ተናገረ። ወይዘሮ ፕራት ተነስታ «ልባችን ይሰማዋል፣ አቅማችን ግን አይፈቅድም» ብላ፣ ወደ ክሊፎርድ ፈገግ ብላ ተቀመጠች። ያቺ ፈገግታዋ! ከሰገነቱ ዘልዬ ባንቃት ደስ ባለኝ።

ክሊፎርድ ተነሳ።

«ወደ ድምፅ ከመሄዳችን በፊት» አለ፣ «ይህ ጉዳይ እኔን በግል የሚነካ መሆኑን ማሳወቅ አለብኝ። ታላቅ እህቴ ከኔዘርቢ ድልድይ ማዶ ባለው መጦሪያ ትኖራለች። ደንቡ በሚያዘው መሠረት በውይይቱ አልተካፈልኩም፣ በድምፁም አልካፈልም፤ ከክፍሉ እወጣለሁ። ወይዘሮ ኮርቤት፣ ወንበሩን ይረከቡኝ።»

ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበና ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን ወደ በሩ ሄደ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የጮህኩት። መፍረዱ ቀርቶ መሸሽ? ድፍረት ኖሮት በእህቱ ላይ እጁን ቢያነሳ እንኳ ይሻል ነበር! ተነስቼ የሰገነቱን የብረት መደገፊያ ያዝኩ።

«ክሊፎርድ! ወዴት ነው የምትሸሸው? አንተ ፈሪ! አዝላ ያሳደገችህን ሴት በረሃብ ልትገድላት ነው? ተመለስ! ተመለስና ዓይናችንን እያየህ ፍረድ!»

ገንዳ የሚያሻግር ድምፅ አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚሆን ገምቱ። አንድ ሽማግሌ ተመራጭ ከእንቅልፉ ባነነ። ክሊፎርድ በሩ ላይ ትንሽ ቆም አለ፣ ከዚያ ወጥቶ በቀስታ ዘጋው። ወይዘሮ ኮርቤት የሊቀመንበሩ ወንበር ላይ ሆና ጠረጴዛውን በመዶሻ መታች።

«እመቤት! ወይ ይቀመጡ፣ ወይ ይውጡ።»

ራልፍ እጅጌዬን ጎተተኝ። «ተቀመጪ ዊኒ» አለ በቀስታ። «ውጤቱን ልስማው።»

ተቀመጥኩ። ከታች እጅ ተነሳ፣ ጸሐፊው በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። ከዚያ ሌላው ወገን እጁን አነሳ፣ ቆጠረ። ለወይዘሮ ኮርቤት በጆሮዋ ነገራት።

«ማሻሻያውን የደገፉ ሠላሳ አንድ» አለች። «የተቃወሙ ሠላሳ።»

ወይዘሮ ፕራት ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሳች።

«ወይዘሮ ሊቀመንበር፣ እርስዎ እጅዎን አላነሱም!»

«አላነሳሁም» አለች ወይዘሮ ኮርቤት። «ወንበሩ ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ ድምፅ አይሰጥም። እኩል ቢሆን ኖሮ እሰጥ ነበር። እኩል አይደለም።»

«እሱ እኮ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም!»

ወይዘሮ ኮርቤት መነጽሯን ዝቅ አደረገች። «ወይዘሮ ፕራት፣ ዛሬ ጠዋት ሲገቡ የተማመኑት በዚሁ ልማድ አልነበረም እንዴ?» አለች። ከዚያ መዶሻውን አንስታ መታች። «ማሻሻያው አልፏል። ቀጣዩ አጀንዳ፣ መንገድ ላይ በረዶ እንዲያሟሟ የሚበተነው ጨው።»

እኔ ቶሎ አልገባኝም። እውነቴን ነው፣ በጣቴ ነው የቆጠርኩት። ክሊፎርድ ቢቀመጥ ሠላሳ አንድ ለሠላሳ አንድ ነው፤ በልማዱ መሠረት እጁን በእኛ ላይ ያነሳል፣ አለቀልን። ክሊፎርድ ሲወጣ ግን ምክትሏ ወንበሩ ላይ ትወጣለች፤ ወንበሩ ላይ ከወጣች ድምፅ አትሰጥም፣ ከእነሱ አንድ ጎደለ። አንድ! ጣቶቼን እያየሁ ራሴን ያዝኩ።

«ራልፍ» አልኩት፣ «አሸነፍን መሰለኝ።»

«ሰምቻለሁ» አለ ራልፍ። ፔርሙዙን በሁለት እጁ አቅፎ ነበር።

ደረጃውን ሮጬ ወረድኩ፤ በዕድሜዬ መሮጥ ከተባለ። ክሊፎርድ ኮሪደሩ ውስጥ፣ የድሮ ሊቃነ መናብርት ሥዕል ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሰንሰለቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጎታል። አንገቱ ላይ ቀይ መስመር ሠርቶበታል።

«አለፈ» አልኩት።

«ሰማሁ። በሩ ስስ ነው።» ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺንም ሰምቼሻለሁ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አስበህበት ነው የወጣኸው?»

«እህቴ ናት። መውጣት ነበረብኝ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።»

«ሌላ የምመልስልሽ የለኝም፣ ዊኒ።»

«እንዲያው አንድ ቀን እንኳ ሹክ ብትለኝ ምን ነበረበት? ስንት ሌሊት ስረግምህ አደርኩ እኮ!»

«ለአንቺ ብነግርሽ ኖሮ» አለ፣ «ወይዘሮ ፕራት ቢሮዋ ቁጭ ብላ ትሰማው ነበር።»

ብሎ ያመለጠውን ሊመልስ ይመስል አፉን በእጁ ያዘ። መታሁት፤ ትከሻውን ነው፣ ደህና አድርጌ ነው። ከዚያ አቀፍኩት። ሰንሰለቱ ከጭኑ ወድቆ ድንጋዩ ላይ ተንኳኳ፣ ማናችንም አላነሳነው።

ሦስት ሳንቃ ለመቀየር ከየካቲት እስከ ሰኔ ፈጀባቸው። መለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ጨረታ አወጡ። ጨረታውን ያሸነፈው ከሌላ ካውንቲ የመጣ ድርጅት ነው፤ እሱ ደግሞ ሥራውን ለማን ሰጠው? ለባሪ! ባሪም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻዩ ሳይበርድ ጨረሰው። እስቲ አሁን ይሄ ያስቃል ወይስ ያስለቅሳል? ሙሪየል በዚህ መሃል ቃል አልወጣትም፤ ከገና ወዲህ ለማንም፣ ለራልፍም ቢሆን አልተናገረችም። ሰው ያደረሰው ቀን ያጎርሳታል፤ ትበላና ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች።

ሰንሰለቱም ግንቦት ላይ ከክሊፎርድ ተወሰደ። ምክትሏ ወይዘሮ ኮርቤት ትረከባለች የሚል ነበር ልማዱ፤ ወይዘሮ ፕራት ግን በዚህኛው ልማድ አልተማመነችም። ለአንድ ከፓርቲዋ ለሆነ፣ ፀጉሩን በቅባት ላስተኛ ሰውዬ ተሰጠ።

የድልድዩ ምርቃት ዕለት ይኸው ሰውዬ መጣ። ቀይ ሪባን በድልድዩ አፍ ላይ ተወጠረ። ከመንደሩም ከወረዳውም ከካውንቲውም ሰው ተሰብስቦ ሣሩ ላይ ቆመ። ክሊፎርድ ተራ ካፖርቱን ለብሶ ከሪባኑ ጫፍ፣ ከምሰሶው አጠገብ ቆሟል። ሊቀመንበሩ ንግግሩን ጀመረ። ሦስቱ ምክር ቤቶች ተባብረው ለሕዝብ ችግር የሰጡትን ፈጣን ምላሽ አወደሰ። ፈጣን አለ! ክሊፎርድ ወደ እኔ ዞሮ ጣቱን አፉ ላይ ባያደርግ ኖሮ ጉድ አፈላ ነበር።

ንግግሩ ቀጠለ። ወረዳውን አመሰገነ፣ ወንዟን አመሰገነ፣ እንጨቱን ሁሉ አመሰገነ። ራልፍ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ፔርሙዙን በብብቱ አድርጎ በሰዉ መሃል አልፎ ወደ ሪባኑ ሄደ።

«ጌታዬ» አለ ሊቀመንበሩ ንግግሩን አቋርጦ፣ «ድልድዩ ገና አልተከፈተም!»

«የምሳ ሰዓት ነው» አለው ራልፍ።

ማጎንበስ ይቸግረዋል፤ ጉልበቱ ነው። ሰዉ ሁሉ ያያል። ያኔ ነው ክሊፎርድ፣ በዕድሜው አንድ ተራ ዘልሎ የማያውቀው ወንድሜ፣ እጁን ሰዶ ሪባኑን ከራልፍ ራስ በላይ ከፍ አድርጎ የያዘለት። ራልፍ አለፈ። እኔም ተከተልኩት። ሳንቃዎቹ ከእግራችን ሥር ጠንካራ ነበሩ።

ሙሪየል መስኮቱ አጠገብ፣ ባለጎማ ወንበሯ ላይ ነበረች። ትከሻዋ ከሹራቧ ውስጥ ጠፍቷል፤ ቀለበቷ ክሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ራልፍ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የፔርሙዙን ክዳን ከፈተ። የወተቱ ሽታ ሲደርሳት ዓይኗን ገለጠች። እጁን አየች፣ ማንኪያውን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ፊቱን አየችው።

«ዘገየህ» አለች።

ራልፍ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። እኔ ያ ሁሉ ድምፄ የት እንደገባ እንጃ፣ በሩን ተደግፌ አፌን ያዝኩ።

«አዎ» አላት ራልፍ። «በጣም ዘገየሁ።»

«የት ሆነህ ነው?»

ራልፍ ከየት ጀምሮ ይንገራት? ማርማላታውን ጠብ አደረገና አማሰለ።

«ስብሰባ ነበር» አላት።

«ስብሰባ!» አለች ሙሪየል። ጥንት እኔና ክሊፎርድ ስናበሳጫት እንደምታደርገው ዓይኗን ወደ ጣሪያ አንከባለለች፣ ከልቧ ተነፈሰች። ከዚያ አፏን ከፈተች።